ኮሮና ወሎ ላይ ምን ጥሎ አለፈ? ለማጥናትስ ገንዘብ የት ይገኛል?

የጦሳ ልጅ፦

ሰላም ወሎዬዎች፣ እንዴት ከረማችሁ? ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ታገሱኝ።

ደሴ ነው የምኖረው። የሕብረተሰብ ጤና አስተምራለሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንድ ፕሮፖዛል እያዘጋጀን ነው። ጥያቄያችን ቀላል ነው። ኮሮና ደሴ፣ ኮምቦልቻና ቃሉ ውስጥ ከእጅ ወደ አፍ በሚኖሩ ቤተሰቦች ላይ ያደረሰው ነገር ዛሬ የት ደርሷል? ማን አገገመ? ማንስ በዚያው ቀረ?

ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ሰው መገኘቱ ተነገረ። ወዲያው ትምህርት ቤት ተዘጋ። በወሩ መጨረሻ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ አውቶቡስ በግማሽ ብቻ እንዲጭን ተባለ፣ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። ደመወዝተኛው ቤቱ ተቀምጦም ወር ሲሞላ ደመወዙን ወሰደ። ደሴ ሸዋ በር ላይ ጀበናዋን ይዛ የምትቀመጠው ሴት ግን ደንበኛዋ ሲበተን ገቢዋ የዚያኑ ቀን ነው የቆመው።

አዋጁ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ይከለክል ነበር። ሠራተኛ ማባረርም ክልክል ነበር። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ያለ ውል አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ያለ ውል በየሰው ቤት ልብስ የምታጥብ እናት ከዚህ ሕግ ምን ደረሳት? ይሄንን ቤት ለቤት ዞሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ያኔ የምርምር ገንዘብ ነበር። ጥሪ በጥሪ ላይ ይወጣ ነበር። በየቦታው የተሠራው ጥናት ግን በአብዛኛው ሰዉ ስለ በሽታው ምን ያህል ያውቃል፣ ማስክ ያደርጋል ወይ፣ እጁን ይታጠባል ወይ የሚል ነው። የሚጠየቀውም ሆስፒታል ተራ የያዘ ታካሚ፣ ወይም በስልክ የተገኘ ሰው ነው። የዓለም ባንክ ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ ወደ 3,200 ቤተሰቦችን በየጊዜው እየደወለ የጠየቀበት ጥናት ትልቅ ሥራ ነው፣ አከብረዋለሁ፣ ግን ስልክ የሌለው ቤት እዚያ ውስጥ አይገባም፤ እኛ ዘንድ ስልክ የሌለው ማን እንደሆነ ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ከዚያ የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 አስቸኳይ ሁኔታው አብቅቷል አለ። ጥሪውም አብሮ የውሃ ሽታ ሆነ። ጉዳቱ ግን አላበቃም። ያኔ ሰባተኛ ክፍል አቋርጣ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ አለች። ያኔ የሸጣት ላም እስካሁን ያልተተካችለት ገበሬ አለ። ያኔ የተገባ ዕዳ አለ። ይሄ ሁሉ የሚታየው አሁን ነው። የምርምር ገንዘብ በሽታውን ተከትሎ ይመጣል፣ በሽታው ሲሄድ ይሄዳል፣ ድሃው ቤት የቀረውን ለማየት የሚቆይ የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

እና ማን ይሰጣል? እንዴትስ ብንሠራው ይሻላል? የማይስማማ ካለም በግልጽ ይንገረን።

ቦርከና ማዶ፦

ወንድሜ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፤ ግን አልስማማም።

ኮምቦልቻ ላይ ነኝ። እዚህ ያለን ሰው ዛሬ ስለ ኮሮና ብትጠይቀው ግራ ይገባዋል። በ2012 ኮሮና መጣ። በ2013 መግቢያ አንበጣ ማሳውን ላፈው። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ሰው ሸሸ፣ ቤት ተዘረፈ፣ ሆስፒታል ባዶውን ቀረ። ከተማው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነፃ ሲወጣ ደግሞ ከውጭ ሌላ መርዶ ጠበቀን፤ አሜሪካ በአጎአ በኩል የሰጠችውን የቀረጥ ነፃ ዕድል አገደች፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆችም የሥራቸው ነገር አሳሰባቸው። ከዚያ የኑሮ ውድነቱ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የኮሮናን ጉዳት ብቻ እንዴት አድርገህ ነው የምትለየው?

ሌላው ደግሞ ሰዉ ጥናት ሰልችቶታል። እኛ ሰፈር ያሉ አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸው ያልሰፈረበት ቅጽ የለም። የመጣው ሁሉ ይጠይቃቸዋል፣ ያስፈርማቸዋል፣ ይሄዳል። ተመልሶ ያየሁት ይህ ነው ያላቸው አንድ ሰው የለም። ገንዘብ ካለ ለጤና ጣቢያው መድኃኒት ይገዛበት። ይሄን የምለው ከልቤ ነው።

የጦሳ ልጅ፦

ቦርከና ማዶ፣ አብሽር፣ እንዲህ ያለ መልስ ነው የምፈልገው።

መለየቱን በተመለከተ ኮሮናን ነጥለን ልናወጣ አይደለም። ቤተሰቡን ነው የምንይዘው። በ2012 ምን ሸጡ? በ2013 ምን ሸጡ? ጦርነቱ ሲመጣ እጃቸው ላይ ምን ቀርቶ ነበር? በኮሮና ጊዜ በሬውን የሸጠና ያልሸጠ ሰው ጦርነቱን እኩል አልተቀበሉትም። ቅደም ተከተሉን ካላወቅን ሴፍቲኔትም ሆነ ሌላ እርዳታ መቼ መድረስ እንደነበረበት ልንናገር አንችልም።

የመድኃኒቱ ነገር ትክክል ነው። ግን የምርምር ጥሪ ያወጣ ድርጅት ገንዘቡን ለመድኃኒት አዙሩት ብትለው አያዞረውም፣ ወደ ሌላ አገር ነው የሚወስደው። ያ ገንዘብ ወሎ ቢመጣ ይሻላል ብዬ ነው።

ሳይመለሱ መሄዱን ግን አልከራከርህም።

ታብሌት ያዥ፦

እኔ መረጃ ሰብሳቢ ነኝ። ሐርቡ፣ ደጋን፣ ባቲ፣ ከሚሴ መስመር ብዙ ጥናት ላይ ሠርቻለሁ። ፕሮፖዛል የምትጽፉ ሰዎች ይሄን ስሙኝ።

መጠይቁ ላይ «ባለፉት 30 ቀናት ምግብ ስላልነበረ ርቦሽ የተኛሽበት ቀን አለ ወይ?» የሚል አለ። ጥያቄው ዓለም ላይ የታወቀ ነው፣ ችግር የለበትም። አሁን እኔ ባጅ አንጠልጥዬ፣ ታብሌት ይዤ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ቤቷ ገብቼ ይሄንን ስጠይቃት የወሎ ሴት ምን የምትል ይመስላችኋል? አልሐምዱሊላህ ትላለች። ቀና ብላ፣ ፈገግ ብላ። እኔ «የለም» የሚለውን እነካለሁ። ቀጣዩ ጥያቄ ይመጣል።

ከዚያ ታብሌቱን ስዘጋ ቡና ሳትጠጪ አትሄጂም ትለኛለች። ቡናው ሲፈላ ነው ነገሩ የሚወጣው። አንዷ ሐርቡ ላይ ያለችኝ አንጀቴን በልቶታል። በዚያ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ክረምት ማታ ማታ ልጆቹ እስኪተኙ ድረስ ድስቱን እሳት ላይ ጥዳ ታቆየው ነበር። ውስጡ ውሃ ብቻ ነው። ይሄ ታብሌቱ ውስጥ የለም። እዚያ የተጻፈው «የለም» ነው።

ለምን ቁጭ ብዬ አልጠበቅኩም? የሚከፈለን በቅጽ ብዛት ነው። በቀን ይሄን ያህል ካላመጣችሁ እየተባልን ነው የምንወጣው። ስለዚህ ገንዘብ ስትጠይቁ ለእኛ ጊዜ ጠይቁ። አንድ ቤት ግማሽ ቀን ብንቀመጥ ክፍያችን እንዳይቀንስ አድርጉ። ያው ሴት ዘንድ ሁለተኛ ጊዜ ስንመለስ ደግሞ በፊት ያላለችውን ትናገራለች፣ ይሄን እርግጠኛ ሆኜ ነው የምላችሁ።

እጅ መታጠብም እንደዚያው ነው። በሳሙና ለ20 ሴኮንድ ትታጠቢያለሽ ወይ እንላለን። ቦኖው ድረስ ሄዳ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዛ የመጣች ሴት፣ ያቺ ጀሪካን ለምግብ፣ ለመጠጥ፣ ለልጅ፣ ለከብት ነች። መጠየቅ ያለበት ውሃው ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጆቼ፣ የምትጽፉትን ሳነብ አመሸሁ። ደስ ብሎኛል። እኔ ኢኮኖሚክስ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ ትውልዴ ላስታ ነው።

ቦርከና ማዶ «አሁን ማጥናት ምን ይጠቅማል» ላለው አንድ ነገር ልንገረው። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ያለበትን ሹምሽሃን ታውቁታላችሁ። ሹምሽሃ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ከኢፍፕሪ ጋር ሆኖ ለዓመታት ከተከታተላቸው 15 የገጠር መንደሮች አንዱ ነበር። እነዚያኑ ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ እየተመላለሱ ጠየቋቸው። ምን አመረቱ፣ ምን በሉ፣ ምን ሸጡ፣ ማን ሞተ፣ ማን ታመመ። የመጨረሻው ዙር በ2001 ዓ.ም. ነው።

ዴርኮንና ፖርተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በዚያ መረጃ ተጠቅመው የ77ቱን ርሃብ መለስ ብለው አዩት። ርሃቡ ሲከፋ ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የነበሩ ልጆች ሲያድጉ ርሃቡ ካልደረሰባቸው ቢያንስ በ5 ሳንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸውም ያነሰ ነበር። ይህ የታየው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። የታተመው ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ.። ቤተሰቦቹን የሚከታተል ሰው ባይኖር ኖሮ ይህ ሳይታወቅ ይቀር ነበር። ዋናው ነገር ጉዳቱ የሰው ቁመት ላይ ተጽፎ ነበር።

አሁን አስቡ። በኮሮና ጊዜ ደሴ ውስጥ የአንድ ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል። መለካት የሚቻለው አሁን ነው።

ሌላም አለ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ገባ። ዛሬም ኅዳር 12 ሲደርስ ቆሻሻ እናጥናለን። ስለዚያ በሽታ ተጽፎ የምናገኘው ግን በአብዛኛው የአዲስ አበባውን ነው። ወሎ ውስጥ ስንት ቤት እንደተዘጋ፣ የማን ቤት እንደተዘጋ ጽፎ ያቆየልን የለም። በ1965 ርሃብ ጊዜ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ መጥተው፣ ፎቶ አንስተው ግቢያቸው ውስጥ አሳዩ። መንግሥት ሊደብቀው የፈለገው ነገር እንዲወጣ ያ አንዱ ምክንያት ሆኗል። ስለዚህ ጥናት ለወሎ ቅንጦት አይደለም።

ቦርከና ማዶ፦

ጋሼ፣ የልጆቹን ቁመት ነገር አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ደነገጥኩ። እኔ ራሴ በ2012 የተወለደች የእህት ልጅ አለችኝ።

ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ሹምሽሃ ያሉ ሰዎች ይሄን ውጤት ሰምተውታል?

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ የወጣን ጽሑፍ የላስታ ገበሬ ሊያነበው አይችልም። ሄዶ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል፣ ለዚያም በጀት ያስፈልጋል።

ከሩቅ ሆኜ፦

ወረኢሉ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ አሁን ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እሠራለሁ፣ ፕሮፖዛል የመገምገም ዕድልም አጋጥሞኛል። የገንዘቡን ነገር እኔ ልናገር፤ የሚያስደስት ወሬ ግን አይደለም።

ከውጭ የሚመጣው እያነሰ ነው። እንግሊዝ በ2013 መግቢያ ለውጭ እርዳታ የምትመድበውን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ ወደ 0.5 አወረደች፣ በዚያ ምክንያት ለታዳጊ አገሮች ምርምር ታስቦ የነበረው ፈንድ መጋቢት 2013 ላይ ተቆረጠ። ኮሮናው ገና ሳይበርድ ማለት ነው። አሜሪካ ደግሞ ጥር 2017 ላይ እርዳታ አገደች፣ ዩኤስኤአይዲ ሰኔ መጨረሻ ላይ ተዘጋ። ከኮሮና ጋር የተያያዙ የምርምር ድጎማዎች መጋቢት ላይ ተሰረዙ። ሚያዝያ ላይ የአሜሪካው የጤና ምርምር ተቋም ኤንአይኤች የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ አጋሮቻቸው ገንዘብ የሚያካፍሉበትን አሠራር አቆመ። ከአሜሪካ ፕሮፌሰር ጋር ተጣምሮ መሥራት የለመደው ሰው ሁሉ መንገዱ ተዘጋበት።

አሁን ያሉት? የእንግሊዙ ዌልካም አለ፤ ትኩረቱ ተላላፊ በሽታ፣ የአየር ንብረትና ጤና፣ የአእምሮ ጤና ላይ ነው። የካናዳው አይዲአርሲ አለ፤ ማኅበራዊ ጥናት ይወዳል፣ ናይሮቢ ቢሮ አለው። የአውሮፓው ኢዲሲቲፒ በብዛት የመድኃኒትና የክትባት ሙከራ ላይ ስለሆነ ለእናንተ ጥያቄ አይመችም።

ምክሬን ልስጥ። ርዕሱ ላይ ኮሮና የሚለውን አታስቀድሙ። ተደራራቢ አደጋ በድሃ ቤተሰብ ላይ በሉት፣ ኮሮናው ውስጡ ይኖራል። ቦርከና ማዶ ያነሳው ጥያቄ ድክመታችሁ ሳይሆን ጥንካሬያችሁ ነው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ወረርሽኝ፣ አንበጣና ጦርነት በተከታታይ ያየ ሕዝብ እንዴት እንደቆመ ማወቅ የሚፈልግ ብዙ ነው። ሌላው በጀቱን በብር ብቻ አታስቡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ። ነዳጅና አበል ያሰቡ ፕሮጀክቶች መሃል ላይ ቆመዋል።

ደግሞ ለአስተዳደር ወጪ የሚታሰበውን ቀድማችሁ እወቁት። ኤንአይኤች ለውጭ ተቋም የሚፈቅደው 8 በመቶ ነው። ቢሮ፣ ኢንተርኔት፣ ሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ ከዚያ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን በቀጥታ ወጪ ውስጥ አስገቡት።

የጦሳ ልጅ፦

ወንድም ዓለም፣ አመሰግናለሁ። ያላሰብነውን ነው የነገርከን።

የአገር ውስጡን ልጨምር። የአፍሪካ አገሮች ከኢኮኖሚያቸው 1 በመቶ ለምርምር ሊመድቡ ካርቱም ላይ በ1998 ተስማምተዋል። እኛ እዚያ አልደረስንም። ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው አነስተኛ ድጎማ አላቸው፣ እሱን እንሞክራለን። ችግሩ ጊዜው ነው። በጀቱ ሐምሌ ላይ ይጀምራል፣ ጥሪ ይወጣል፣ ግምገማ አለ፣ የሥነ ምግባር ቦርድ አለ፣ ገንዘቡ እጅ ላይ ሲደርስ ግማሽ ዓመት አልፏል። ሰኔ 30 ደግሞ ያልተሠራበት ይመለሳል። ስለዚህ ሁሉም ጥናት አንድ ጊዜ ተጠይቆ የሚያልቅ ይሆናል። ያው ቤት በዓመቱ ልመለስ የሚል ጥናት በዚህ በጀት አይሠራም። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚቆይ ትንሽ ገንዘብ በአንድ ዓመት ከሚያልቅ ትልቅ ገንዘብ ይሻለናል።

ጤና ኬላ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቃሉ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ።

በ2012 ቤት ለቤት የዞርነው እኛ ነን። የሚያስል ሰው አለ ወይ፣ ከውጭ የመጣ አለ ወይ እያልን። መጀመሪያ ላይ ማስክም በቂ አልነበረንም። ከዞርንበት ቤት ሁሉ የሰማነውን ብትጠይቁን እኮ የማይጻፍ የለም። ግን ለጥናት የሚመጣ ሰው እኛን የሚፈልገን መንገድ እንድናሳየው ነው። ቤቱን አሳዪን ይላል፣ እናሳያለን፣ በቃ።

አንድ የሚጠቅማችሁ ነገር ልንገራችሁ። ጤና ኬላ ላይ የየቤተሰቡ ፎልደር ነበረን። ከጦርነቱ በኋላ ስንመለስ የእኛው ኬላ ወረቀቱ ተበታትኖ፣ ግማሹ ተቃጥሎ ነው ያገኘነው። የቅሬው፣ ማለትም የእድሩ፣ መዝገብ ግን ብዙ ቦታ ተርፏል፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ቤቱ ነው የሚያስቀምጠው፣ ሲሸሽም ይዞት ሸሽቷል። ቅሬ ላይ መዋጮ ያቋረጠው፣ ሰው የሞተበት፣ አገር ጥሎ የሄደው፣ ተመልሶ የገባው ሁሉ አለ። አንድ ቤት መዋጮ መክፈል ሲያቅተው ወሩ ይታወቃል። የሴቶች ቅሬ ደግሞ ለብቻው አለ፣ እዚያ ያለው ወሬ ወንዶቹ ጋ የለም።

ቀበሌ ብቻ ሄዳችሁ ስም ዝርዝር አትውሰዱ። ቀበሌ ያለው ዝርዝር ላይ ጥገኛ ሆነው ሰው ቤት ያሉት አይገኙም። ተፈናቅላ መጥታ አክስቷ ቤት የተጠጋች ሴት የማንም ዝርዝር ውስጥ የለችም።

የጦሳ ልጅ፦

እህቴ፣ የቅሬ መዝገቡን ነገር ማንም አልነገረንም ነበር። አላህ ይስጥልኝ። ግን መዝገቡን ሊያሳዩን ይፈቅዳሉ?

ጤና ኬላ፦

በደብዳቤ ብቻ አይሆንም። ሽማግሌዎቹን ማናገር ነው። ቅሬው ሲሰበሰብ መጥታችሁ ለምን እንደፈለጋችሁት በአማርኛ፣ በግልጽ ንገሯቸው። የሰው ስም እንደማይወጣ ንገሯቸው። መዝገቡን ይዛችሁ አትሄዱም፣ እዚያው ጸሐፊው ፊት ነው የምትገለብጡት። እንደዚህ ካደረጋችሁ እምቢ የሚል አይመስለኝም።

ከጅዳ ተመላሽ፦

እኔም ልናገር፣ ቅር አይበላችሁ።

ሀብሩ ነው ቤቴ። ጅዳ ሰው ቤት እሠራ ነበር። በ2012 ሚያዝያ ላይ ሳውዲ ብዙ ሰው ሰብስባ ስትመልስ ከተመለሱት ነኝ። መጀመሪያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ለየብቻ አስቀመጡን። ከዚያ አገር ቤት ገባሁ። ሰው ከሩቅ ነው ሰላም ያለኝ። እናቴን ቡና የሚጠራት ጠፋ፣ ኮሮና ይዛ መጣች ተብሎ። ለወንድሜ የትምህርት ቤት የምልከው እኔ ነበርኩ፣ ለአባቴ መድኃኒት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ሁሉም ቆመ። ወንድሜ ትምህርቱን ትቶ በጅቡቲ በኩል ወጣ። ባሕሩን ተሻግሮ የመን ገብቷል፣ እዚያ ነው ድምፁን የሰማነው። እንዳልሞተ እናውቃለን፣ አልሐምዱሊላህ።

ይሄ ኮሮና ነው ወይስ ምንድን ነው? ለእኔ ኮሮና ነው። በበሽታው አንድ ሰው ቤታችን አልታመመም። ስለዚህ ኮሮና ስለነካው ሰው ሲጠና እኛ አንቆጠርም።

የእኔ ሐሳብ ከስደት የተመለሱትን ለይታችሁ ጠይቁ። ሀብሩ፣ ቆቦ፣ ባቲ፣ ቃሉ ብትሄዱ ዓረብ አገር የሄደ ልጅ የሌለበት ቤት ማግኘት ይቸግራል። ሁለተኛው፣ ስትጠይቁን የምናጠፋውን ቀን አስቡልን። እኔ የቀን ሥራ ነው የምሠራው። ግማሽ ቀን ለጥናት ከተቀመጥኩ ግማሽ ቀን አልበላም።

ታብሌት ያዥ፦

እህቴ ወላሂ አስለቀስሽኝ። ወንድምሽን አላህ በሰላም ይመልስልሽ።

ከሩቅ ሆኜ፦

የኔ እህት፣ ያልሽው ክፍያ ነገር የሥነ ምግባር ደንብ የማይከለክለው ነው። ለባከነ ጊዜና ለትራንስፖርት መክፈል ይቻላል። የሚከለከለው ሰው ገንዘቡን ፈልጎ ሳያምንበት እንዲገባ የሚያደርግ መጠን ነው። የአካባቢውን የቀን ሠራተኛ ዋጋ አጣርተው የግማሽ ቀኑን ቢከፍሉ ቦርዱም ገንዘብ ሰጪውም ይቀበለዋል። ችግሩ ፕሮፖዛል ጸሐፊዎች በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰርዙት ይቺን መስመር መሆኑ ነው። ለወርክሾፕ ሻይና ውሃ ተብሎ የተያዘው ሳይነካ ማለቴ ነው።

የጦሳ ልጅ፣ ይቺን መስመር እንዳትነካት።

የጦሳ ልጅ፦

አልነካትም።

ሁለት ቀን ከባልደረቦቼ ጋር ስንነጋገር ቆየን። ፕሮፖዛሉን ቀይረነዋል። በመጀመሪያ 600 ቤተሰብ በአንድ ዙር ነበር ያሰብነው። አሁን 200 ቤተሰብ ይሆንና በየዓመቱ እየተመለስን ለሦስት ዓመት እንከታተላለን። ሦስት ቦታ ነው፤ ደሴ ከተማ ሸዋ በር አካባቢ፣ ቃሉ ውስጥ አንድ የገጠር ቀበሌ፣ ሀብሩ ውስጥ ስደት የበዛበት አንድ ቀበሌ። ቤተሰቦቹን የምንመርጠው ከቀበሌ ዝርዝርና ከቅሬ መዝገብ አጣምረን ነው፣ ተጠግተው የሚኖሩትንም ለይተን እንጠይቃለን። በ2012 ሕፃን የነበሩትን ልጆች ቁመትና ክብደት እንለካለን፣ ጋሼ እንዳሉት።

መረጃ ሰብሳቢዎች በቅጽ ሳይሆን በቀን ይከፈላቸዋል። በቀን ከሁለት ቤት በላይ አይሄዱም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መንገድ መሪ ሳይሆኑ የቡድኑ አባል ናቸው፣ አበላቸውም እኩል ነው። በየዓመቱ መጨረሻ ውጤቱን ለቅሬው ስብሰባ በቃል እናቀርባለን፣ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትም በአማርኛ አሳጥረን እንሰጣለን።

ለዩኒቨርሲቲው ለመጀመሪያው ዓመት እንጠይቃለን። ለቀሪው ሁለት ዓመት ለአይዲአርሲ ዓይነት ቦታ እናስገባለን። ሁለተኛው ባይሳካ እንኳ የመጀመሪያው ዙር መነሻ ይሆናል፣ ቤተሰቦቹ ይታወቃሉ፣ ሌላ ሰው ከዚያ ሊቀጥል ይችላል።

ጡረተኛው መምህር፦

ጥሩ ነው። 200 ጥቂት ነው የሚሏችሁ ይኖራሉ። ቤተሰብ ሳይጠፋባችሁ ሦስት ዓመት ከተከታተላችሁ ጥቂት አይደለም። የጠፋ ቤት ካለ ለምን እንደጠፋ ጻፉ፤ የባሰበት ነው ቀድሞ የሚጠፋው።

ናሙናውን በተመለከተ በነፃ አያለሁ። ጡረታ ላይ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ።

ቦርከና ማዶ፦

ውጤቱን በየዓመቱ ለቅሬ ታቀርባላችሁ የሚለውን ስታስገቡ አሳምናችሁኛል። በከፊል። አሁንም የምለው አለኝ። ሕፃን ስትለኩ የቀጨጨ ልጅ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? መዝግባችሁ ትሄዳላችሁ? እሱን ካልመለሳችሁ እኔ አልደግፍም።

ጤና ኬላ፦

ይሄን እኔ ልመልስ። የተጎዳ ልጅ ከተገኘ እዚያው ለእኛ ይተላለፋል። አልሚ ምግብ የሚሰጥበት አሠራር አለ፣ ከባሰበት ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። ግን ትላልቆቹ ልጆች፣ ማለትም ከአምስት ዓመት በላይ ያሉት፣ በዚያ አሠራር አይገቡም። ፕሮፖዛሉ ላይ ለነሱ መጓጓዣና ምርመራ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ይያዝ።

የጦሳ ልጅ፦

እንይዛለን። ቦርከና ማዶ፣ ይሄ ጥያቄ ፕሮፖዛሉ ውስጥ ራሱን ችሎ አንድ አንቀጽ ሆኗል። ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ።

ታብሌት ያዥ፦

መጠይቁን ስትጨርሱ ላኩልኝ። አማርኛው የመጽሐፍ እንዳይሆን አየዋለሁ። ኦሮምኛ የሚነገርበት ቀበሌ ካለ ደግሞ በባቲና በከሚሴ በኩል አብራኝ የሠራች ልጅ አለች፣ እሷ ትተረጉመዋለች። ለሙከራ ሐርቡ ላይ አራት አምስት ቤት ቀድመን እንሂድበት፣ የማይገባው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይታያል።

ከጅዳ ተመላሽ፦

ሀብሩ ስትመጡ እኔ አለሁ። ከስደት የተመለሱትን ቤት ለቤት አውቃቸዋለሁ። እኔንም ጠይቁኝ፣ ሌሎቹንም አናግራቸዋለሁ።

የጦሳ ልጅ፦

በውስጥ መስመር ጻፊልኝ እህቴ። በበጀቱ ላይ የመስክ አስተባባሪ የሚል ቦታ አለ፣ ለሀብሩ ገና ሰው አልያዝንም።